ማውጫው በጌታው ስም ብቻ አይቅር

ለአልስተር ካውንቲ የመዝገብ ጽሕፈት ቤት
ኪንግስተን፣ ኒውዮርክ

ጉዳዩ፦ በባርነት የነበሩ ሰዎችን መዛግብት በየስማቸው ስለ ማደራጀት

በ1790 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተካሄደው ቆጠራ በአልስተር 2,906 ሰዎች በባርነት እንደነበሩ መዝግቧል፤ ከነዋሪው አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው። ባርነት የደቡቡ ጥጥ እርሻ ጉዳይ ብቻ ነው ለሚል ይህ በቂ መልስ ነው። ቆጠራው ግን ብዛታቸውን እንጂ ስማቸውን አልያዘም። ስማቸው ያለው በእናንተና በየታውኑ (በካውንቲው ሥር ባለው አነስተኛ የአስተዳደር ክፍል) መደርደሪያ ላይ ነው።

የኒውዮርኩ የ1799 ሕግ ከጁላይ 4 በኋላ የሚወለደውን ልጅ ነጻ ነው አለና ወዲያው ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመት የእናታቸውን ጌታ እንዲያገለግሉ አስገደደ። ጌታው በ9 ወር ውስጥ የራሱን ስም፣ የልጁን ስም፣ ዕድሜና ፆታ ለታውኑ ጸሐፊ ማስመዝገብ ነበረበት። የእናትን ስም መጻፍ ግን ግዴታ አልነበረም። ስለዚህ ማውጫው በጌታው ስም ብቻ ከተዘጋጀ እናትና ልጅ ጨርሶ አይገናኙም።

ከሁሉ የሚዘነጋው የድሆች ሹሞች፣ ማለት ችግረኞችን እንዲረዱ በየታውኑ የተሾሙ ሰዎች፣ የሒሳብ መዝገብ ነው። ጌታው የተወለደውን ልጅ ዓመት ሳይሞላው አልፈልገውም ብሎ መተው ይችል ነበር። የተተወው ልጅ በድሃ ደንብ ለአሳዳሪ ይሰጣል፤ ለማሳደጊያውም ስቴቱ በወር እስከ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል። አሳዳሪው ብዙ ጊዜ ያው ልጁን የተወው ጌታ ነበር! ክፍያው በ1804 ቢቀርም ልጆቹ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አሉ፤ የባርነት ታሪክ ፈላጊ ግን የድሆችን መዝገብ ልግለጥ ብሎ አያስብም። ነጻ የሚወጣው ሰው ከ50 ዓመት በታች መሆኑንና ራሱን መቻሉን የሚያረጋግጡትም እነዚሁ ሹሞች ስለነበሩ የነጻነት ወረቀቶችም እዚያው አካባቢ ይፈለጉ።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን እንላለን። ቅጂው ሲነሣ ገጹ ከነኅዳጉና ከነጀርባው ይነሣ። በሠንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ ሰው እንጂ የአንድ ሰነድ አይሁን፤ በአንድ የውርስ ቆጠራ ውስጥ አምስት ሰው ካለ አምስት ረድፍ ይያዝ። ስሙ ጸሐፊው እንደጻፈው ይገልበጥ፤ የታረመው አጻጻፍ ለብቻው ዓምድ ይኑረው። ደች (የሆላንድ ቋንቋ) ተናጋሪዎች የበዙበት አገር ነበርና ጸሐፊው እንደሰማው ነው የጻፈው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ ማረም ፍለጋውን ያበላሻል። የጌታው ስም፣ የእናት ስም ከተገኘ፣ ቀኑ፣ ታውኑ፣ መጽሐፉና ገጹ ይከተሉ። በመጨረሻ «ሌሎች ስሞች» የሚል ዓምድ ይጨመር።

ይህኛው ዓምድ ትርፍ ነገር አይደለም። ባርነትን በመቃወም የታወቀችው ሶጆርነር ትሩዝ በዚሁ ካውንቲ በባርነት ስትወለድ ኢዛቤላ ነበረች፤ በዘጠኝ ዓመቷ ገደማ ከበግ መንጋ ጋር በ100 ዶላር ተሸጣለች። ሕግ ተጥሶ ወደ አላባማ የተሸጠውን ልጇን ፒተርን በ1828 በፍርድ ቤት ስታስመልስ የተጠቀመችው ያስጠጓትን ቤተሰብ ስም፣ ቫን ዋገነንን ነው። የክርክሩ ሰነዶች በስቴቱ ቤተ መዛግብት ተለይተው የታወቁት በ2022 ነበር። ትሩዝ የተባለችው በ1843 ስለሆነ በታወቀው ስሟ የሚፈልግ ሰው እነዚያን ወረቀቶች አያገኛቸውም።

ስለ መቃብሮቹ ባጭሩ፦ ኪንግስተን ውስጥ በፓይን ጎዳና ያለው የአፍሪካውያን መቃብር ቤት ተሠርቶበት ኖሮ መሬቱ በ2019 ለጥበቃ ተገዝቷል። የገጠሮቹ ምልክት ጽሑፍ የሌለው የቆመ ድንጋይና ሰርጎድ ያለ መሬት ነው፤ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ እየመሰለ ይነሣል። የምድር ራዳር (ሞገድ ወደ መሬት እየላከ ከሥር ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ) የተቆፈረ አፈርን እንጂ አጥንትን አያሳይም፤ ሸክላማ አፈር ላይም ይደክማል። ስለዚህ ራዳሩ ምንም አላሳየም ተብሎ የቁፋሮ ፈቃድ እንዳይሰጥ፣ የላይኛው አፈር በባለሙያ ፊት በስሱ ተገፍፎ እንዲታይ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች አሳውቁልን።

ሥራው ከ1799 እስከ 1804 ካለው የድሆች ሒሳብ ቢጀመር ደግ ነው። የአምስት ዓመት መዝገብ ስለሆነ ሠንጠረዡ የቱ ጋ እንደሚጎድለው ቶሎ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ልደት መዝገቦቹ ይታለፋል።

ከአክብሮት ጋር