ሕዋስ የሚለካ ቺፕ እዚሁ እንሥራ፦ የድጋፍ ጥሪ

ቺፑ ላይ ባለች፣ ከፀጉር በቀጠነች ቦይ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ይፈሳል። ሕዋሳት አንድ በአንድ እየተከታተሉ ያልፉባታል። ከቦይዋ ሥር ደቃቅ ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ብረቶች፣ አሉ። ሕዋስ በላያቸው ባለፈ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ፍሰት ለቅጽበት ይቀንሳል። ትልቅ ሕዋስ ብዙ ይቀንሰዋል፣ ትንሹ ጥቂት። መነሻ ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ዋላስ ኮልተር በ1953 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ዛሬም ሐኪም "ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) አሠሩ" ሲላችሁ ደማችሁን ከሚቆጥሩት ማሽኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ቺፑ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን በዝግታ ሲቀያይር (በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ) የሕዋሱ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የምናውቀው መጠኑን ነው። ወደ ብዙ ሜጋኸርዝ (በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ) ከፍ ስናደርገው ግን ኤሌክትሪኩ ሽፋኑን አልፎ ይገባል፣ ስለ ውስጡም ይነግረናል። መለየትም ይቻላል። ከአንዱ ወገን የሚበረታ የኤሌክትሪክ መስክ አንዱን ዓይነት ሕዋስ ይስባል፣ ሌላውን ይገፋል። ዳይኤሌክትሮፎሬሲስ የሚባለው ይኼ ነው።

ለእኛ ምን ያደርግልናል? ወባን አስቡ። ተውሳኩ የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ ሽፋኑ አዮኖች (ኤሌክትሪክ የያዙ የጨው ቅንጣቶች) ያፈስሳል፣ በኤሌክትሪክም ከጤነኛው ይለያል። በውጭ ላብራቶሪዎች በዚህ ልዩነት ተጠቅመው ሁለቱን ለይተዋቸዋል። በአገራችን ደግሞ ፋልሲፓረም ከሚባለው የወባ ዓይነት አንዳንድ ተውሳኮች ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን አይሠሩም፤ ጂኑ ጠፍቶባቸዋል። ስለዚህ መመርመሪያው ሊያልፋቸው ይችላል። ሌላ መንገድ መሞከሩ ቅንጦት አይደለም።

ግን እንነጋገር። ነገ ጤና ጣቢያ የሚገባ መሣሪያ እንሠራለን አንልም። እኛ አዲስ አበባ ያለን ጥቂት የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና ተማሪዎች ነን። የምንፈልገው ቺፕ የሚሠራበት፣ የሚበላሽበት፣ እንደገና የሚሠራበት አንድ የጋራ ጠረጴዛ ነው። የተሠራ ቺፕ ከውጭ ገዝቶ ማስመጣት አያዋጣም። ቦይዋ በአቧራ ወይም በተጣበቁ ሕዋሳት ትደፈናለች፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ዕቃ መጠበቅ ነው። ሞልዱ (የቦይዋ ቅርጽ ያለበት ማፍሰሻ) እጃችን ላይ ካለ ግን ቺፑ የሚሠራበትን ላስቲክ መሰል ሲሊኮን ከማጠንከሪያው ጋር 10 ለ1 ቀላቅለን፣ አፍስሰን፣ በምድጃ አድርቀን አዲስ እናወጣለን።

የምንጀምረው መጠናቸው በሚታወቅ የፕላስቲክ እንክብሎች ነው። ከዚያ የዳቦ እርሾ። የሞተ እርሾ ሽፋኑ ስለሚያፈስ ከሕያው ጋር ሲነጻጸር ጥሩ መለማመጃ ነው። የሰው ደም የሚነካው የሥነ ምግባር ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ብቻ ነው፤ በዚህ አንደራደርም።

ሲሊኮኑ ርካሽ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ሌላው ነው፦ አቧራ በማይገባበት ንጹሕ ክፍል የሚሠራው ሞልድ፣ በመስታወት ላይ የሚታተሙት የወርቅ ኤሌክትሮዶች፣ ፈሳሹን በዝግታ የሚገፋው ሲሪንጅ ፓምፕ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደካማውን ሲግናል ከጫጫታው ለይቶ የሚያወጣው ሎክ ኢን ማጉያ። የአቅማችሁን ጣል አድርጉ፤ ትንሽ ነው ብሎ የሚመልስ የለም። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ እያንዳንዱን ደረሰኝ ለለገሳችሁ ሁሉ እንልካለን።

አሜሪካና አውሮፓ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ከገንዘብም በላይ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ አሮጌ ማጉያ ወይም ፓምፕ ሲያስወግድ አስቡን። ከመላካችሁ በፊት ግን ንገሩን። በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ ዕቃ እዚህ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ የጉምሩክ ወረቀቱንም አስቀድመን ማዘጋጀት አለብን።