ረከቦቱን አትውሰዱባት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለዘይነብ፤ ደሴ

አሰላሙ አለይኪ። እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። «እማዬ ደክማለችና ከእንግዲህ ቁጭ ብላ ትጦር፣ ቡናውንም እኛ እናፍላ» ያልሽው ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እባክሽ አታድርጉት።

እኔ የምሠራበት ግቢ አረጋውያን በየክፍላቸው ሆነው እየተረዱ የሚኖሩበት ነው። አልጋቸው አጠገብና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ገመድ አለ፤ ሲስቡት ረዳት ይመጣል። ምግቡም መድኃኒቱም በሰዓቱ ነው። ከሁሉ ጥብቅ የሆነው ደንብ ግን «የሚችሉትን አትሥሩላቸው» የሚለው ነው። ስናጥባቸው ጨርቁን በእጃቸው እንሰጣለን፤ ፊታቸውንና ደረታቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ፣ ጀርባና እግር የእኛ ነው። ጊዜ ይፈጃል። ያረጀ ጡንቻ ግን ሥራ ሲፈታ የሚከሳው ፈጥኖ፣ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ እማዬ ታፍላ። የሚነሳው በርጩማው ነው፤ ጉልበቷን የሚፈትነው ከዝቅታ መነሳቱ ነውና። 45 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ የክንድ ማሳረፊያ የተበጀለት ወንበር አሠሪላት። ስትቀመጥ እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ። ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ የፈላውን ጀበና ከከሰሉ ማንሳት ያንቺ ድርሻ ነው። የጦሳ ተራራ ብርድ ቢበረታም ከሰል እየነደደ መስኮት አይዘጋ፤ ሽታ የሌለው መርዙ ሳይታወቅ ይገድላል።

አብዝቶ የሚያሳስበኝ የሱብሂ፣ የንጋቱ ሶላት ሰዓት ነው። አዛን ስትሰማ ብድግ ትላለች። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተኛበት ድንገት ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ዓይኑ ይጨልማል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን 10 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅስ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይታ፣ የሆነ ነገር ይዛ ትነሳ። እስከ ሽንት ቤት ያለው መብራት በርቶ ይደር። ውዱእም፣ ከሶላት በፊት ያለውን መታጠብ፣ ተቀምጣ ታድርግ፤ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ በአንድ እግር መቆም ይቅር። መቆም ያቃተው ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ራሷም ታውቃለች።

ውዱእ የምታደርግበት ቦታ የብረት ቱቦ መያዣ አስተክሉ፤ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ቢሆን እጇ ሙሉ ይጨብጠዋል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ግን እንዳትመቱት፤ ክብደቷ ሲያርፍበት ተነቅሎ አብሯት ይወድቃል። ሁለት ቋሚ ብረቶች መሬት ውስጥ በሲሚንቶ ይተከሉና መያዣው እነሱ ላይ ይበየድ።

በላክሽው ፎቶ እንዳየሁት ምርኩዟ ረዝሟል። ጫማዋን አድርጋ እጇን ወደ ታች ለቃ ስትቆም የላይኛው ጫፉ የእጇ አንጓ ላይ ይድረስ፤ ትርፉን ከሥር ቁረጡና ጎማ አልብሱት። የሚያማት ቀኝ ጉልበቷ ስለሆነ በግራ እጇ ትያዘው።

ውሃውንም ሽንት እንዳያስነሳት ፈርታ ነው የተወችው። ሲያረጁ ጥሙ ራሱ ስለሚቀንስ ሳትጠይቅ ቀን ቀን ስጫት፣ ወደ ማታ ቀንሺላት። ሽንት የሚያበዛው ክኒን ጠዋት እንዲሆን ሐኪሟን ጠይቂ። ረመዷን ሲቃረብም የመድኃኒቱን ሰዓት እሱ ይወስን እንጂ በራሳችሁ አትለውጡ። ድንገት ቃሏ ከተዘበራረቀ ወይም ሰው ከጠፋባት «እርጅና ነው» ብላችሁ አታሳድሯት። የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላልና የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይያት።

ወንበሩን ለአናጢ ከማዘዝሽ በፊት ጫማዋን አድርጋ ከጉልበቷ ጀርባ እስከ ተረከዟ ለክተሽ ላኪልኝ። ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ