ፊሽካ የማይነፋው አሠልጣኝ

ሴንት ክላውድ፣ ሚኒሶታ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ ደሴ

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል።

ስድስት ዓመት ዝም ብዬሃለሁ። ምክንያቱን ሳትገምት አትቀርም፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማኸውም። እናታችን ማረፋቸው የተነገረኝ አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። ስልክ አንሥቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ፤ መልሼ አስቀመጥሁት። በማግስቱም እንደዚያው። ሙት ዓመታቸው ደረሰ፣ እርሱም አለፈ፤ ዝምታው በቆየ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ከእጃቸው እየጎረስሁ ያደግሁ ሰው ለቅሶ ሳልደርስህ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ወር ከደሴ የመጣ ዘመዳችን ነው። ሆጤ ሜዳ ላይ ልጆች ሰብስበህ ኳስ እንደምታሠለጥን ነገረኝ፤ ደስታዬን ልገልጽልህ አልችልም። ቀጥሎ ግን ረጅም ልምጭ ከእጅህ እንደማይለይ፣ ያጠፋ ልጅ ካልተገረፈ ወይም ሜዳውን እስኪወድቅ ካልዞረ እንደማትለቅቀው አከለልኝ። እርሱ እየሳቀ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ያ የስፖርት አስተማሪያችን በጠራራ ፀሐይ ውኃ ከልክሎን ስንሮጥ አንተ ራስህን ስተህ የወደቅህበት ቀን ትዝ አለኝ። ተሸክሜህ ቤት ያደረስሁህ እኔ ነበርሁ። እናታችን ግንባርህን በእርጥብ ጨርቅ እያበሱ ያለቀሱትን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ በፈረንጆች 2003 ዓ.ም. በዓይኔ ስላየሁት የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቡድን ልጽፍልህ አሰብሁ።

ያን ጊዜ አዲስ መጤ ነበርሁ። ሥራዬ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ መሆን ነበር። ከማስታምማቸው አንዱ ሽማግሌ፣ የቀድሞ ገበሬ፣ ነጋ ጠባ የሚያነሡት አንድ ነገር ነበር፤ የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን። ሕዝቡ ተጫዋቾቹን «ጆኒዎች» ይላቸዋል። ትምህርት ቤቱ የቤኔዲክት ገዳም መነኮሳት ያቋቋሙት ነው፤ ከእኛ ከተማ ሃያ ደቂቃ ያህል በመኪና የሚያስኬድ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ሥፍራ፣ በጫካና በሐይቅ መካከል ይገኛል።

ፉትቦል ስልህ የእኛን እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው፤ በእጅ ተይዞ ይሮጡበታል፣ ይወረወራል። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ግድም፣ ካልገፋ ለባላጋራው ያስረክባል። ግጭቱ ከባድ ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም እንደምንለው፣ እዚያም ሲገጥሙ ማንም ለማንም አይራራም። ይህን የምነግርህ ለምክንያት ነው፤ በዚህ ጨካኝ ጨዋታ ውስጥ የራሱን ልጆች በልምምድ መምታት የከለከለ ሰው ነበርና።

ጆን ጋላርዲ ይባል ነበር። የኢጣሊያ ስደተኞች ዘር፣ በ1926 ኮሎራዶ ውስጥ ትሪኒዳድ በምትባል ከተማ የተወለደ። ገና የ16 ዓመት ተማሪ ሳለ አሠልጣኛቸው ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምት ቡድኑ እንዳይፈርስ ሥራውን እርሱ ያዘ። ከዚያ በፊት ሲያንገሸግሸው የኖረውን ሁሉ ያን ጊዜ ጣለ፤ ልጆቹ ሲጠማቸው ውኃ እንዲጠጡ ፈቀደ። ሞንታና ውስጥ በሚገኘው ካሮል ኮሌጅ አራት ዓመት ሠርቶ በ1953 ሴንት ጆንስ ገባ፤ እዚያው 60 የውድድር ዘመን ቆየ።

የእርሱ ልምምድ ክልከላው የበዛ ነበር፤ የተከለከለው ግን አሠልጣኙ እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። ፊሽካ አይነፋም። በልምምድ ላይ አንዱ ሌላውን ይዞ መጣል የለም። ልምምዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። አየሩ ከከፋ፣ ትንኝ እንኳ ከበዛ፣ ይቀራል። እኔ ልጫወት ብሎ የመጣን ተማሪ «አትረባም» ብሎ አይመልስም፤ ስለዚህ ቡድኑ ከመቶ በላይ ሰው ነበረው። «አሠልጣኝ» ብለው እንዲጠሩትም አይፈልግም፤ የ18 ዓመቱ ልጅ የ77 ዓመቱን ሽማግሌ «ጆን» ይለዋል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ሰው እንደማይዋጥ አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ነውር መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ማሟሟቂያቸው ነው። ልጆቹ ሣሩ ላይ በጀርባቸው ይጋደማሉ፤ ሰማዩን እያዩ አንዱ ለሌላው «ዛሬ ቀኑ ደስ አይልም?» ይላል። ይኸው ነው፤ ልምምድ ተብሎ የተያዘ ነው። የማስታምማቸው ሽማግሌ ይህን ሲያጫውቱኝ አላመንሁም ነበር።

ቡድኑ የሚወዳደረው በሦስተኛው ዲቪዚዮን ነው። በዚያ ደረጃ ስለ ኳስ ችሎታው ብቻ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጠው ተማሪ የለም። ከፍሎ ይማራል፣ ፈተናውን ይፈተናል፣ ማታ ሜዳ ይወርዳል። ተመርቆ በፕሮፌሽናል ሊግ የሚቀጥለው ከስንት አንድ ነው። የሚጫወቱት ስለሚወዱት ነው።

ያ ዓመት ሲጀመር መላው ወረዳ ቁጥር ይቆጥር ነበር። በኮሌጅ ፉትቦል የድል ክብረ ወሰን የግራምብሊንግ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበረው የኤዲ ሮቢንሰን ነበር፤ 408 ድል። ጋላርዲ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን፣ 77 ዓመት በሞላው ዕለት፣ አቻ ደረሰው። ቀጣዩ ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 28፣ አማኑኤል፣ ነበር። ተረኛ አልነበርሁም። የሽማግሌው ልጅ መጥታ አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር ስታወጣ እኔንም ለእርዳታ ይዛኝ ሄደች።

ስታዲየሙ በዛፎች የተከበበ ጎድጓዳ ሥፍራ ነው፤ ከዳገቱ ቆመህ ሜዳውን ከላይ ታየዋለህ። ከ13 ሺህ በላይ ሰው ሞልቶታል፤ በትንሽ ኮሌጅ ደጃፍ እንዲህ ያለ ሕዝብ ይሰበሰባል ብዬ አላሰብሁም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ባላጋራው ቤቴል ጠንካራ ነበር፤ እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ማን እንደሚያሸንፍ አልታወቀም። 29 ለ 26 አለቀ። ሽማግሌው እጄን ጨብጠው ያዙኝ፤ ቃል አልወጣቸውም፣ ፊታቸው ብቻ እንባ በእንባ ሆነ። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ ሜዳው ወረደ። እኔ የጨዋታውን ግማሹን እንኳ አልገባኝም፤ ግን እንደ ልጅ እዘልል ነበር። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ከሰው ጋር አብሬ ስደሰት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጎኔ አንተ ብትኖር ብዬ እንደተመኘሁ አስታውሳለሁ።

ታኅሣሥ 10 ደግሞ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20፣ ቨርጂኒያ ሴለም ከተማ ላይ ለፍጻሜው ማውንት ዩኒየንን ገጠሙ። የኦሃዮው ማውንት ዩኒየን ሦስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ነበር፤ 55 ጨዋታ ሳይሸነፍ መጥቷል። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ፍጻሜ ጆኒዎቹን 10 ለ 7 ያሸነፈውም እርሱ ነው። እኛ መጦሪያው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ነበር። በመጨረሻው ሩብ ማውንት ዩኒየን ወደ ግቡ መስመር ተጠግቶ ኳሱን ሲወረውር፣ አንድ የጆኒዎቹ ተከላካይ ቀለበው፤ ከዚያም ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ 100 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። 24 ለ 6። በዓመቱ 14 ተጫውተው 14 አሸነፉ። ብሌክ ኤሊየት የተባለው ኮከባቸው ያን ዓመት የሦስተኛው ዲቪዚዮን ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ሽልማቱ ድሮውኑ በአሠልጣኙ ስም የተሰየመው የጋላርዲ ዋንጫ ነው።

ጋላርዲ በፈረንጆቹ 2012 ሥራውን ሲለቅ 489 ድል ነበረው፤ ከእርሱ በፊት ማንም ያልደረሰበት። በ2018 በ91 ዓመቱ ዐረፈ። እነዚያን ሁሉ ያሸነፈው ልጆቹን በልምምድ ሳያደቅቅ ነው፤ ጉልበታቸው ለቅዳሜ ይቀመጥ ነበር። አንድን ጨዋታ ደጋግመው፣ አእምሯቸውን ሰብስበው ያጠኑታል፤ የማይፈራ ልጅ ደግሞ ሲሳሳት ስሕተቱን አይደብቅም፣ ይጠይቃል። እኛ አስተማሪያችንን ፈርተን ስንት ጊዜ ያልገባንን «ገባን» እንዳልን አስበው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው ግቢ፣ የጥንት ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት አለ። ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች እዚያ ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ዘመን በጥይት ተመትተው እግራቸው ካልታዘዛቸው በኋላ በፈረንጆቹ 1976 መጥተው ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት ቦታ ነው። ከፊልሞቹ መካከል የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ጭምር አለ። አንተና እኔ በልጅነታችን ከደሴ በእግር የሄድንበት ሐይቅ! መጀመሪያ ስሰማ በደስታ እንባ ተናነቀኝ። ከዚያ ወዲህ ኮሌጅቪል ለእኔ የባዕድ አገር መሆኑ ቀረ።

ወንድምዓለም፣ ልምጩን ጣለው። በቁጣ አይደለም የምለው፣ በልመና ነው። ልጆቹ ውኃ ይጠጡ። ደካማውንም አትመልሰው። ልምምዱን ስትጀምር አንድ ቀን ብቻ ሣሩ ላይ አጋድማቸውና ሰማዩን እንዲያዩ አድርግ፤ የጦሳ አናት ከዚያ እንዴት እንደሚታይ ታውቀዋለህ።

ጥር ላይ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው አለ። ስንት ልጆች እንደሆኑና ስንት ቁጥር ጫማ እንደሚያደርጉ ጻፍልኝ፤ ኳስም እልካለሁ። ለእናታችን መታሰቢያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስይዤዋለሁ፤ ቄሱን አንተ አነጋግርልኝ።

እሑድ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ። እባክህ አንሣው።

አብሮ አደግህ