በመቀነትሽ የቋጠርሽው ኪኒን

እማየ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብዳቤውን የምታነብልሽ ታናሼ ናትና፣ የማትወጅው ቦታ ላይ ስትደርስ እንዳታስዘልያት።

ለጥምቀት ሞጣ ስመጣ መቀነትሽን ስትፈቺ ከጫፉ የተቋጠረ ነገር ወደቀ። ሳንቲም መስሎኝ ሳነሣው በወረቀት ቁራጭ የተጠቀለለ ዳይክሎፌናክ ነው፤ ሰባት ፍሬ። «ለጉልበቴ ከገበያ የገዛሁት ነው» አልሽ። ዝም ያልሁት እንግዳ ስለነበረ ነው።

ጨጓራ ከገዛ አሲዱ የሚጠብቀው ስስ ሽፋን አለው። ያ ኪኒን የጉልበትሽን ሕመም ሲያስታግስ ሽፋኑንም አብሮ ያሳሳዋል። ሐኪሙ ለጨጓራ ቁስልሽ ያዘዘልሽ ሱክራልፌት ደግሞ ሆድ ሲገባ እንደ ሙጫ ሆኖ ቁስሉ ላይ ይለጠፋል፤ አሲዱን ይከልልና ቁስሉ ከሥር ይሽራል። የተሰነጠቀ ጎታ በጭቃ እንደምትመርጊው ማለት ነው። ታዲያ እየመረግሽ አይጧን ውስጥ ከተውሻት ምኑን መረግሽው?

ደግሞ ሱክራልፌቱን ከምሳ ጋር ትውጪዋለሽ አሉኝ። እህል ካገኘ እህሉ ላይ ይለጠፋል እኮ! ከመብላትሽ አንድ ሰዓት ቀድመሽ፣ በባዶ ሆድ ነው፤ ማታም ስትተኚ። ከሌላ መድኃኒት ጋር አንድ ላይ አትዋጪው፣ ያኛውንም ይዞ ያስቀረዋል። ሆድ ማድረቁ አይቀርምና ውሃ ጠጪ። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ለመድኃኒት እንደማይከለክሉሽ አንቺም ታውቂያለሽ።

የሰገራ ምርመራውንም አትለፊው። ጨጓራ የሚያቆስለው ባክቴሪያ ከተገኘ ሽፋን ብቻውን አያድንም፣ አንቲባዮቲክ ይጨመርበታል። «ንዴት ነው ያቆሰለኝ» ትያለሽ፤ ሐኪሞቹም ስንት ዘመን እንዲያ ሲሉ ኖረዋል። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። እብድ እንደምትይው አውቃለሁ።

ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ፤ እስኪነጋ አትበይ።

ለጉልበትሽ ፓራሲታሞል በሚኒባስ ልኬያለሁ፤ አወሳሰዱን ጤና ጣቢያ ይንገሩሽ። አሁን መቀነትሽን ፍቺና የቀሩትን ለታናሼ ስጫት። ቆጥራ ትደውልልኛለች።

ልጅሽ፣ ከባሕር ዳር