ማር ቆረጣው ሳይጀመር

ውድ የንብ አንቢ ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

አደይ አበባው ረግፏል፣ ቀፎውም ሞልቷል። በዚህ ሳምንት ሐይቅ ዙሪያ ማር መቁረጥ እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ስለ ንድፊያ ላውራችሁ።

ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋን ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳችን ላይ ትታ ነው የምትሄደው። ከረጢቱ ተነጥሎም መርዙን መግፋቱን አያቆምም። ስለዚህ ወዲያው ይውጣ። በጥፍር ጫሩት፣ ንቀሉት፣ ዋናው ፍጥነቱ ነው። ቦታውን በሳሙና ታጠቡና በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል ያዙበት። ጭቃና አመድ ይቅር፤ ቁስሉን ያመረቅዛል። እጁን የተነደፈ ሰው ሳያብጥ ቀለበቱን ያውልቅ።

የተነደፈው ቦታ ሌሎች ንቦችን የሚጠራ ሽታ አለው። ጢስ ያን ሽታ ይሸፍነዋል። አንዷ ከነደፈቻችሁ ጢስ አስነኩትና ፈቀቅ በሉ። ልብሳችሁም ነጣ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ያስቆጣቸዋል።

አምና አንድ ጎረቤቴ ከንፈሩ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥረው «አብሽር፣ ያልፍልሃል» ብለን ተቀምጠን ነበር። ደግነቱ ተረፈ፤ እኔን ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስ ካዞረ፣ ወይም መላ ሰውነት ሽፍታ ካወጣ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። በእግሩ ሳታስኬዱት ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው። ብዙ ንብ የነደፈውም፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ ደህና ቢመስልም ይታይ።

ማንም ብቻውን ቀፎ አይክፈት። ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጋችሁ ውጡ።