እማዬ፣ ያ ዘፋኝ የሚለውን ዋሽቼሽ ነበር

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ሙቀቱስ? ትናንት በስልክ «ዘንድሮ ድሬ ምጣድ ሆናለች» ስትዪኝ ያ አሮጌ ቬንትሌተር ከጀርባሽ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር። ጣዪው ብዬሽ አልነበር? አዲሱን ከነካርቶኑ አልጋ ስር እንደከተትሽው እህቴ ነግራኛለች። ለእንግዳ ነው አልሽ አሉ። የቱ እንግዳ ነው እማዬ፣ አንቺ በላብ ተጠምቀሽ እያደርሽ።

ይሄን ነገር በስልክ ማውራት አቅቶኝ ነው የጻፍኩልሽ። ሦስት ቀን ተከታትዬ ደወልኩ፣ ሦስቱንም ቀን ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ዘጋን። በቴሌግራም ድምፅ ቀድቼ ልላክ አልኩ፣ አንቺ ደግሞ ስትከፍቺው ሰፈሩ በሙሉ ነው አብሮሽ የሚሰማው። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብዬ ነው፣ ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጌዋለሁ፣ መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው፣ ለእህቴም ቢሆን አትስጫት። ያን የመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው ለጌጥ አይደለም መቼም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳቋ ሁሉ ፉጨት ሆኗል። ትልቁ 14 ሞላው፣ ድምፁ ጎርንኖ እኔን መስሎሽ «ለምን አልደወልክም» ብለሽ የተቆጣሽው እሱን ነበር እኮ ባለፈው፣ ዝም ብሎ ተቆጥቶልኛል ጎበዝ ልጅ። ታዲያ ሰሞኑን አንድ ነገር ይዞታል። ቱፓክ። ቲክቶክ ላይ አይቶት ነው፣ ማታ ማታ ጆሮው ላይ ሰክቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንድ ቀን መጥቶ «አባ፣ ቱፓክ የሚባል ራፐር ታውቃለህ?» አይለኝም? እኔን! ዝም ብዬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ያንን ካናቴራ አወጣሁለት።

አዎ አልጣልኩትም። አንገቱ ተበልቷል፣ ጥቁሩም አመድ መስሏል፣ ግን ፊቱ አሁንም ይለያል። «ከየት አመጣኸው?» ሲለኝ አያትህ ናት ያመጣችልኝ አልኩት፣ አላመነኝም። የሱ አያት ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እንጂ ከጅቡቲ ቱፓክን በኮንትሮባንድ የምታስገባ ናት ብሎ እንዴት ያስብ።

እኔ ግን ያን ማታ እንደ ትናንት ነው የማስታውሰው። ጥቅምት 1989። ባቡሩ አምሽቶ ገብቶ፣ አንቺ በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ወፍረሽ ነበር፣ ሁሌም ከመንገድ ስትመጪ ወፍረሽ ነበር የምትገቢው። መብራቱን አብርተሽ፣ በሩን ቀርቅረሽ፣ መሀል ወለሉ ላይ ቆመሽ ታወልቂ ጀመር። አንድ ሹራብ፣ አንድ ሸሚዝ፣ ሌላ ሸሚዝ፣ ከዛ ካናቴራ በካናቴራ ላይ። እኔ እየተቀበልኩ እቆጥራለሁ። በዛ ሙቀት! ሰባተኛው ላይ ስትደርሺ ሰውነትሽ ላይ ተጣብቆ አልወጣ አለሽና እጅጌውን ይዤ ጎተትኩልሽ። እርጥብ ነበር፣ ያንቺ ላብና የባቡር ጭስ ይሸት ነበር። «ይሄ ያንተ ነው፣ ሌላውን ነገ አሸዋ ገበያ አወጣዋለሁ» አልሽኝ። ከዛ ስዕሉን መብራት ላይ አድርገሽ አየሽውና «ይሄ ልጅ ራሱን ያመዋል እንዴ?» አልሽ፣ ሻሹን ግንባሩ ላይ ስለቋጠረው።

ሞቷል እኮ ስልሽ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቅሽው ምን ነበር መሰለሽ? «እናት አለችው?»

አለችው እማዬ። ያኔ አለችው ብዬ ነው ያለፍኩት፣ እኔም ብዙ አላውቅም ነበር። አሁን ለልጄ ሳወራ ነው ላንቺ ምንም ሳልነግርሽ እንደቀረሁ የገባኝ። ካሴቱን ስከፍተው «ይሄ ልጅ ይዘፍናል ወይስ ፍርድ ቤት ቆሞ ይከራከራል?» ትዪ አልነበር? ሳታውቂው ነው የነካሽው፣ ፍርድ ቤት ቆማ የተከራከረችው እናቱ ናት። አፌኒ ሻኩር ትባላለች። ለጥቁሮች መብት ከሚታገሉት ከብላክ ፓንተሮች አንዷ ነበረች፣ ኒውዮርክ ላይ ቦምብ ልታፈነዱ አሲራችኋል ተብለው 21 ሰዎች ተከሰሱ። እሷ ጠበቃ አላቆመችም፣ እርጉዝ ሆና ከእስር ቤት እየተመላለሰች ራሷ ተከራከረች፣ ከ150 በላይ ክስ ነበር፣ እሷም አብረዋት የቀረቡትም በግንቦት 1963 ነጻ ወጡ። ልጁ የተወለደው በወሩ ነው፣ ሰኔ 9። ስሙም ድሮ ፔሩ የሚባል አገር ስፔኖች ላይ ያመጸ ሰው ስም ነው። የኔን ስም አንቺ ካዋላጇ ልጅ እንደወሰድሽው ስነግረው ልጄ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ድህነት ነው ያሳደገው፣ አባት አልነበረውም። ባልቲሞር የኪነጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ቲያትርና ግጥም ተማረ፣ ባሌት ሁሉ ተምሯል፣ እኛ ግን ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ተሰብስበን ስለሱ ስናወራ በጥይት የተወለደ ነበር የሚመስለን። ከዛ ካሊፎርኒያ ሄዱ፣ እናትየው ክራክ የሚባል ዕፅ ያዛት። ልጁም ገና በ17 በ18 ዓመቱ ከቤት ወጣ። በፈረንጅ 1991 የመጀመሪያውን አልበም አወጣ፣ አምስት ዓመት ብቻ ነው ከዛ በኋላ የቆየው። ቅዱስ አልነበረም፣ ይሄንንም ለልጄ አልደበቅኩትም፣ ሴት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽመሃል ተብሎ ተፈርዶበት ታስሯል፣ እሱ አላደረግኩም ነው የሚለው። እስር ቤት እያለ ነው በፈረንጅ 1995 የወጣው አልበሙ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የሆነው። እና እሱ አልበም ላይ ነው ያ ዘፈን ያለው።

የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ለስለስ የሚለው፣ «ዲር ማማ»። ቡና ስታፈዪ ከፍቼው «ይሄኛው ደህና ነው፣ ምን ይላል?» ብለሽ የጠየቅሽኝ። «እናቴ እወድሻለሁ ነው የሚለው» አልኩሽ። «ታዲያ እሱን ለማለት ነው እንደዚህ የሚለፈልፈው?» ብለሽ ሳቅሽ፣ ረከቦቱ ላይ ስኒ እየደረደርሽ።

ዋሽቼሽ ነበር። እወድሻለሁ ማለቱን ይላል። ግን ሌላም ይላል። እናቱ በዕፅ ተይዛ እንደነበረ፣ ከቤት እንዳባረረችው፣ እሱ ታስሮ እስር ቤት ሆኖ እንዳቀፋት፣ ያን ሁሉ ዓለም እየሰማው ይናገራል፣ እንዲያም ሆኖ ያንቺን ቦታ የሚተካ የለም ይላታል። መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ያልገባኝን የእንግሊዝኛ አስተማሪዬን እየጠየቅኩ፣ ስንት ቀን ነው የፈታሁት መሰለሽ። እና ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ፣ ታውቂያለሽ እማዬ።

ያን ቡና ስታፈዪ ከእስር ከተፈታሽ ገና አመት አልሞላሽም ነበር።

ይኸው ጻፍኩት። በ1990 ከፋሲካ በኋላ ሄደሽ አስራ አንድ ሳምንት ሳትመጪ ቀረሽ። «ጅቡቲ ዕቃ እየጠበቀች ነው» ተባልኩ። አያቴም አለችኝ፣ አዴ ጎረቤታችንም አለችኝ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ነበር የሚሉኝ፣ ያጠኑት ይመስል። ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ ለገሃር ሄጄ የሚወርዱትን ሴቶች ወፍራም ወፍራሞቹን እያየሁ እቆም ነበር። አንድ ቀን ኳስ ላይ የተጣላሁት ልጅ ነው «እናትህ ታስራለች» ያለኝ፣ ጥርሱን መታሁት፣ ከዛ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው እውነት መሆኑ ገባኝ። ስትመጪ ቀጥነሽ ነበር። «የጅቡቲ ሙቀት ገደለኝ» አልሽ። ጫማ ይዘሽልኝ መጣሽ፣ ጫማው ጠበበኝ፣ አልነገርኩሽም፣ እስኪያልቅ ድረስ በጠበበኝ ጫማ ሄድኩ።

ስለታሰርሽ አይደለም የተቀየምኩሽ። ወላሂ አይደለም። ሰው የሚያወራልኝ ሰባት ልብስ ደርበሽ ያሳደግሽኝ ሴት መሆንሽን ነው፣ በሱ ኮርቼ ነው የኖርኩት። የተቀየምኩት ከዛ ልጅ አፍ ስለሰማሁት ነው። ይኸው ከዛ ወዲህ አግብቼ ወልጄ፣ አንቺ አንድ ቀን አላነሳሽውም፣ እኔም አንድ ቀን አላነሳሁትም፣ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። አፌኒን ሳስባት የምቀናው በዚህ ነው። ልጇ ሁሉንም ዘርግፎ ነግሯታል፣ እሷም ከዕፁ ወጥታ ሰምታዋለች። ልጇ ላስቬጋስ ላይ የታይሰንን ቦክስ አይቶ ሲወጣ ነው በጥይት የተመታው፣ በኛ ጳጉሜ 2 ቀን 1988፣ መስከረም 3 ሞተ። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል እሱ ሆስፒታል ነበር፣ ገና በ25 ዓመቱ። እሷ ልጇን ቀብራ ወደ 20 ዓመት ኖራለች። ያልወጡ ሥራዎቹን እየሰበሰበች ታወጣለት ነበር፣ ከሞተ በኋላ የወጣው አልበም በሕይወት ሳለ ካወጣው በለጠ። ለዛ ነው እኮ እነዛ የከዚራ ልጆች አልሞተም ኩባ ነው ያለው ብለው የሚምሉት፣ የሞተ ሰው እንዴት በየአመቱ አዲስ ካሴት ያወጣል ብለው! በግድያው የተከሰሰውን ሰው ያሰሩት ደግሞ ገና በመስከረም 2016 ነው። አፌኒ ያንን አላየችም፣ በሚያዝያ 2008 ነው ያረፈችው።

እንግዲህ እየዞርኩ ነው፣ አውቄዋለሁ። አንቺም አውቀሽብኛል።

እማዬ፣ ለፋሲካ መጥተሽ ከብብትሽ ስር ካለው እብጠት ናሙና የወሰዱት፣ ስብ ነው ያልንሽ፣ ስብ አይደለም። ካንሰር ነው። እህቴም ወንድሜም አንነግራትም ብለው ተስማሙ፣ እኔም እሺ አልኩ። ከዛ ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ሁላችንም አንድ ዓይነት ቃል ነው የምንልሽ፣ ስብ ነው፣ ስብ ነው፣ ያጠናነው ይመስል። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ነው «ነገራችኋት?» ብሎ የጠየቀኝ። መጀመሪያ ኦፕራሲዮን፣ ከዛ ኬሞ የሚባል መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ነው፣ ቶሎ ከተጀመረ ግን ጥሩ ነው አለኝ። ይሄን እሱ ያለኝን ነው የጻፍኩልሽ፣ የጨመርኩበትም የቀነስኩበትም የለም። አንቺም እንደኔ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማሽው እኔ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።

እህቴን አትቆጫት። እሷ ፈርታ ነው።

ቲኬት ቆርጬልሻለሁ፣ አውሮፕላን ነው፣ «በሌሊት አውቶቡስ እመጣለሁ ብሩን መልሱ» እንዳትዪኝ አይመለስም። የስኳርሽን መድኃኒት በእጅ ቦርሳሽ ያዢው፣ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው። የድሮውን የምርመራ ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ነይ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ሰማያዊ ፌስታል። ለልጆቹ ሙሸበክ ከአንድ ኪሎ በላይ እንዳታመጪ፣ ባለፈው ምንጣፉ ሁሉ ማር ሆኖ ነው የቀረው። ትልቁ ግን ካናቴራውን ለብሶ ኤርፖርት እቀበላታለሁ ብሏል፣ እጥበዋለሁ ብለው እምቢ አለኝ፣ ያንቺ ላብ አሁንም ያለበት መስሎታል።

ስትመጪ ስለ አስራ አንዱ ሳምንት እጠይቅሻለሁ። የት እንደነበርሽ፣ ምን ትበዪ እንደነበር፣ ማን ይጠይቅሽ እንደነበር። አልፈልግም ካልሽ «አልፈልግም» በዪኝ፣ ጅቡቲ ነበርኩ ግን አትበዪኝ።

ደብዳቤውን ስትጨርሺ ደውዪልኝ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከሆነ ኔትወርኩ ይሻላል። እና እባክሽ ያን ቬንትሌተር ዛሬውኑ ከካርቶኑ አውጪው።

ልጅሽ