ጥፋቱን በሆድ ላይ ብቻ አንጣል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ውፍረት የወጣውን ጽሑፍ ካነበብሁ በኋላ፣ ጸሐፊው ችግሩን ሁሉ «አፍን ካለመግታት» ጋር ብቻ ማያያዛቸው ስላላረካኝ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

«ሆዳም» የሚለው ስድባችን ጥፋቱን በሆድ ላይ ቢጥልም፣ ረሃብንና ጥጋብን በዋናነት የሚመራው አንጎል ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ የሌፕቲንን ጂን ካገኙ ወዲህ፣ የሰውነት ስብ በዚህ ሆርሞን አማካይነት «ስንቅ አለ» የሚል መልእክት ሃይፖታላመስ ወደተባለው የአንጎል ክፍል እንደሚልክ ታውቋል። ብዙ ስብ ያለው ሰው ቶሎ ይጠግባል ያሰኛል፤ ነገር ግን የአብዛኞቹ ወፍራም ሰዎች ደም ሌፕቲን ሞልቶት ሳለ አንጎላቸው ለመልእክቱ ደንዝዟል። በ2001 በአሜሪካው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተደረገ የአንጎል ምርመራ ደግሞ፣ በጣም በወፈሩ ሰዎች ዘንድ ከጉጉትና ከእርካታ ጋር የተያያዘው ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል መልእክቱን የሚያደርስበት አንድ ዓይነት ተቀባይ አንሶ መገኘቱን አሳይቷል (ማነሱ የውፍረቱ መንስኤ ይሁን ውጤት ጥናቱ አልለየም፤ ይህም መነገር አለበት)።

እኔን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ጸሐፊው ቁርስና ምሳ መዝለልን ለሁሉም ሰው መምከራቸው ነው። አንድ ሌሊት ከ7 ሰዓት በኋላ ውኃ ልጠጣ ብነሣ፣ ታናሽ እህቴን ወጥ ቤት ውስጥ፣ መብራት እንኳ ሳታበራ፣ ቀዝቃዛ ሽሮ ከድስቱ በእንጀራ እየጠረገች በላይ በላዩ ስትጎርስ አገኘኋት። እራት አብረን በልተን ስለነበር ርቧት አልነበረም። ስታየኝ ድስቱን ከጀርባዋ ደበቀችው። በማግስቱ በጸጸት እህል ሳትቀምስ ዋለች፤ ሲመሽ ግን የባሰ ሆነ። እኛም ቤተሰቦቿ «አንቺ ደግሞ አታፍሪም?» ከማለት በቀር የረባ ነገር አላደረግንላትም።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ይህን ዓይነቱን አበላል ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል፤ መለኪያው ራስን መግታት እስኪያቅት መብላቱ በአማካይ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወራት መደጋገሙ ሲሆን፣ ከምልክቶቹም መካከል ሳይርብ መብላት፣ በኀፍረት ተደብቆ መብላትና ከዚያ በኋላ ራስን መጥላት ይገኛሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የመጀመሪያው የሕክምና እርምጃ ብዙውን ጊዜ የምግብ ሰዓትን ሳያዛንፉ መብላትና የሥነ ልቦና ምክክር ነው፤ ቀኑን ጦም መዋል የሌሊቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓምዳችሁ ምክሩን እንድታርሙና አንድ የአእምሮ ሐኪም በጉዳዩ ላይ እንዲጽፍ ቦታ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ